የአንገት ዲስክ መሸርሸርና የሕመሙ አያያዝ፦ የአንድ በሽታ የስሕተት ታሪክና ለደቡብ ጎንደር ደጋ ያለው ትምህርት

መግቢያ

የአንገት ሕመም ለደጋው አገር አዲስ ነገር አይደለም። «አንገቴን ያዘኝ»፣ «ማጅራቴን ብርድ መታኝ»፣ «ክንዴ ይደነዝዘኛል» የሚሉ አቤቱታዎች በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉት የፋርጣ፣ የእስቴ፣ የጋይንትና የስማዳ ጤና ጣቢያዎች ለሚሠራ ባለሙያ የዕለት ተዕለት ጉዳዮች ናቸው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን በእነዚህ አባባሎች ላይ አንድ የባዕድ ቃል ተጨምሯል። ታካሚው ራጅ ወይም ኤም.አር.አይ. ከተነሣ በኋላ «ዲስኬ ተንሸራቷል» እያለ ይመጣል። ቃሉ ከሐኪም ቤት ወጥቶ ገበያ ገብቷል፤ ከቃሉም ጋር ፍርሃት አብሮ ተሰራጭቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአንገት ዲስክ መሸርሸር እንዴት እንደታወቀ፣ በምን በምን ስሕተት አልፎ ዛሬ ያለንበት ግንዛቤ ላይ እንደተደረሰ በአጭሩ ማሳየትና ከዚያም ታሪክ ለወረዳ ሆስፒታልና ለጤና ጣቢያ የሚጠቅመውን ትምህርት ማውጣት ነው። የሕክምናው ታሪክ በጥቅሉ ሲታይ ሦስት ስሕተቶችን ይዟል። አንደኛው የዲስክን ተረፈ አካል ዕጢ ብሎ መጥራት ነው። ሁለተኛው መሸርሸሩን ሁሉ የሸክም ውጤት አድርጎ ማየት ነው። ሦስተኛው በምስል የታየውን ለውጥ ሁሉ እንደ ሕመም ቆጥሮ ማከም ነው። ሦስቱም ስሕተቶች በሌላ አገር ተጀመሩ እንጂ በእኛም ዘንድ ዛሬ ይደገማሉ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሸክምና አንገት በደብረ ታቦር ምድር

ደብረ ታቦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት፣ በኋላም የዐፄ ቴዎድሮስ መናገሻ የሆነች ከተማ ናት። ከከተማዋ አጠገብ በሚገኘው በጋፋት አውሮፓውያን የሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን «ሴባስቶፖል» የተባለውን መድፍ በ1867 አቀለጡ። መድፉ ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 ድረስ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ገደልና ሸለቆ አልፎ መቅደላ ደረሰ። በዚያ ዘመን እንግሊዛዊው የጦር ሐኪም ሄንሪ ብላንክ በጋፋትና በደብረ ታቦር በእስር ቆይቶ ነበር። የጎንደሩ ተወላጅ ሕፃን ወርቅነህ እሸቴም ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዞች ተወስዶ ያደገው፣ በላሆርም ሕክምና ተምሮ የመጀመሪያው ዘመናዊ ኢትዮጵያዊ ሐኪም የሆነው ከዚሁ ታሪክ ተነሥቶ ነው። እንግዲህ ዘመናዊ ሕክምናና የሰው ትከሻ በዚህ አገር ታሪክ ውስጥ በአንድ መንገድ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ይቻላል።

መድፍ የጎተቱት ሰዎች ለስድስት ወር ነው የጎተቱት። የደጋው ገበሬ ግን ሞፈርና ቀንበሩን በትከሻው ተሸክሞ ከቤቱ ወደ ማሳው፣ ከማሳው ወደ ቤቱ የሚመላለሰው ዕድሜውን ሙሉ ነው። ሴቲቱ እንስራዋን ወይም የዘመኑን ጀሪካን፣ እንጨቷንና ልጇን በጀርባዋ ታዝላለች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በሰሜኑ ደጋ ሸክም በአብዛኛው በጀርባና በትከሻ እንጂ በራስ ቅል ላይ አለመሆኑ ነው። በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሸክም በራስ ላይ ይጫናል፤ በእኛ ዘንድ በራስ ላይ የሚከበረው በጥምቀትና በንግሥ ቀን ካህኑ የሚሸከመው ታቦት ነው። ይህ የአሸካከም ልዩነት ከሌላ አገር የተገኘን የጥናት ውጤት በቀጥታ ወደ እኛ ከማምጣታችን በፊት እንድናስብ ያስገድደናል።

አካባቢው በሸክም ብቻ አይታወቅም። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ናቸው። ቁም ጸሐፊው ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ከጧት እስከ ማታ ይጽፋል። በአንጻሩ ስሙ ከደብረ ታቦር ጋር ተያይዞ የሚነሣው የተክሌ አቋቋም ሊቃውንቱ በመቋሚያቸው ተደግፈው መላ ሰውነታቸውን፣ አንገታቸውንም ጭምር ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዙበት ዝማሜ አለው። የደፋና የቆመ አንገት፣ የሚንቀሳቀስም አንገት በአንድ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ውስጥ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ይህ ማስረጃ ሳይሆን ማሳሰቢያ ነው፤ የታካሚያችንን ሥራ ስንጠይቅ «ገበሬ ነህ ወይ?» ብለን ብቻ ማለፍ እንደማይገባን ያስታውሰናል።

«ዕጢ» የተባለው ዲስክ

ዲስክ በሁለት አከርካሪዎች መካከል ያለ ትራስ ነው። መካከሉ ውኃ የበዛበት ለስላሳ እምብርት ሲሆን ዙሪያውን የሚይዘው የጠንካራ ክሮች ቀለበት ነው። በአዋቂ ሰው ዲስክ ውስጥ የደም ሥር እጅግ ጥቂት በመሆኑ ምግቡን የሚያገኘው ከአጎራባች አጥንቶች በስርገት ነው። ስለዚህም የደረሰበትን ጉዳት የመጠገን አቅሙ ደካማ ነው። ዕድሜ ሲገፋ እምብርቱ ውኃውን ያጣል፣ ቁመቱ ይቀንሳል፣ ቀለበቱ ይሰነጠቃል፣ በአከርካሪው ጠርዝም አዲስ የአጥንት ሾህ ይበቅላል። ጀርመናዊው የሥነ አካል ሊቅ ሁበርት ሉሽካ በአንገት አከርካሪዎች ጎን ያሉትንና ዛሬ በስሙ የሚጠሩትን መገጣጠሚያዎች በ1858 ገልጾ ነበር፤ በነርቭ ሥር መውጫ ቀዳዳ ላይ የሚጫነው የአጥንት ሾህ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ሆኖም ይህ ለውጥ ሕመም እንደሚያመጣ ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወስዷል። አሜሪካዊው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ባይረን ስቱኪ በ1928 በአንገት ውስጥ ሰረሰርን ስለሚጫኑ «የካርቲሌጅ ዕጢዎች» ጻፈ። የገለጻቸው የሕመም ምልክቶች ትክክል ነበሩ፤ ምልክቶቹን ያመጣው ነገር ግን ዕጢ ሳይሆን ከቦታው የወጣ የዲስክ አካል ነበር። በዚያው ዘመን በድሬስደን የነበረው የበሽታ ሥነ አካል ሊቅ ጆርጅ ሽሞርል በሺህ የሚቆጠሩ የሞቱ ሰዎችን አከርካሪዎች እየመረመረ የዲስክ መሸርሸር ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ያሳይ ነበር። የአንዱ ዕውቀት ለሌላው ባለመድረሱ ስሕተቱ ጥቂት ዓመታት ቀጠለ። በ1934 ፒትና ኤኮልስ «ዕጢ» የተባለው የወጣ ዲስክ መሆኑን አስረዱ። በዚያው ዓመት በቦስተን የሚክስተርና የባር ዝነኛ ጽሑፍ ወጣ። ጽሑፉ በወገብ ዲስክ ቢታወቅም የአንገት ሕሙማንንም ያካተተ ነበር።

ከዚያ በኋላ ግንዛቤው በፍጥነት አደገ። በ1943 ሴምስና መርፊ የስድስተኛው የአንገት ዲስክ ሰባተኛውን የነርቭ ሥር ሲጫን የሚያስከትለው ሕመም የልብ ሕመም መስሎ ሊታይ እንደሚችል ገለጹ። ደረቱንና ግራ ክንዱን የሚያመው ታካሚ ሲመጣ ይህ ምልከታ በሁለቱም አቅጣጫ ያስጠነቅቃል። የልብ ሕመምን አንገት፣ የአንገትንም ልብ ማለት ይቻላልና። በ1944 ስፐርሊንግና ስኮቪል ዛሬም የምንጠቀምበትን የአንገት ምርመራ አስተዋወቁ። በ1952 ሎርድ ብሬይንና ባልደረቦቹ በለንደን ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ በድንገት የሚወጣውን ለስላሳ ዲስክና ቀስ በቀስ የሚመጣውን የአንገት ስፖንዲሎሲስ ለይተው አስቀመጡ፤ ስፖንዲሎሲስ ሰረሰርን ጭምር እንደሚጎዳም አሳዩ።

ከዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ የምናገኘው ትምህርት ስም ሕክምናን ይመራል የሚል ነው። ዕጢ ተብሎ የተጠራ ነገር እንደ ዕጢ ይታከማል። «መንሸራተት» የሚለው የእኛ ቃልም ከዚህ ጉድለት ነጻ አይደለም። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አከርካሪዎች ጋር ተጣብቆ የሚኖር አካል በመሆኑ እንደ ድንጋይ ከቦታው አይንሸራተትም፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከፊሉ ይወጣል። «ተንሸራቷል» የተባለ ታካሚ ግን ወደ ቦታው የሚመልስለት እጅ ይፈልጋል። ስለዚህ ወደ ወጌሻ ቢሄድ ሊያስገርመን አይገባም፤ መንገዱን ያሳየነው እኛው ነንና።

ሸክም ወይስ ዘር?

ሁለተኛው ምዕራፍ መንሥኤውን ይመለከታል። ብዙ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ መሸርሸርን እንደ ማሽን ማርጀት ይመለከቱት ነበር፤ ብዙ የተሸከመ ብዙ ይሸረሸራል የሚል ሐሳብ ነበር። ከአፍሪካ የተገኙ ጥናቶችም ይህን ሐሳብ ደግፈዋል። በሐራሬ፣ በወቅቱ ስሟ ሳልስበሪ፣ ይሠራ የነበረው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ሎረንስ ሌቪ በ1968 በራሳቸው ላይ ከባድ ጭነት በሚሸከሙ ሰዎች ላይ ስለሚደርስ የአንገት ጉዳት «የተሸካሚ አንገት» በሚል ስያሜ ጽፏል። በ1997 በሴራሊዮን የተደረገ የራጅ ጥናትም በራሳቸው ላይ በሚሸከሙ ሰዎች ዘንድ የአንገት አከርካሪ መሸርሸር ከማይሸከሙት እጅግ በልጦ መገኘቱን አሳይቷል።

ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1999 ሳምብሩክና ባልደረቦቹ በመንትዮች ላይ ያደረጉት ጥናት ሌላ ገጽታ አመጣ። በዚያ ጥናት በአንገት ዲስኮች ላይ የሚታየው የመሸርሸር ልዩነት ሦስት አራተኛ ያህሉ በዘር ውርስ የሚገለጽ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ ጥናቶች አይጣሉም። ከባድና የተደጋገመ ጭነት በራስ ላይ ሲጫን አንገትን ይጎዳል፤ ተራ የኑሮ ሸክም ግን ከዕድሜና ከዘር ውርስ ያነሰ ድርሻ አለው። ትንባሆ ማጨስም ከዲስክ መሸርሸር ጋር ተያይዞ ይነሣል።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? ገበሬውን «ሥራ አቁም፣ ዕቃ አታንሣ» ብሎ ማሰናበት ምክንያቱ ደካማ፣ ዋጋው ግን ከባድ የሆነ ትእዛዝ ነው። በሰኔ እርሻውን ያላረሰ ገበሬ በታኅሣሥ የሚያጭደው የለውም። ውኃ አትቅጂ የተባለች እናትም ውኃውን የሚቀዳላት ከሌለ ትእዛዙን ልትፈጽም አትችልም፤ የምትቀዳው ግን ራሷን እየጎዳች መሆኑን አምና፣ በፍርሃት ነው። ተገቢው ምክር ሸክሙን ከፋፍሎ መያዝ፣ በሁለት ትከሻ ማመጣጠን፣ ከራስ ይልቅ በጀርባ መሸከም፣ ከተቻለም በአህያ ማጓጓዝና ሕመሙ ሲበረታ ለጥቂት ቀናት ቀለል አድርጎ ወደ ሥራ መመለስ ነው። አንገቱን ደፍቶ ለሚሠራ ጸሐፊ፣ ሸማኔ ወይም የኮምፒዩተር ሠራተኛ ደግሞ በየጊዜው ቀና ብሎ አንገትን ማንቀሳቀስ ከሁሉ የሚቀል መድኃኒት ነው።

ምስሉና ሕመሙ

ሦስተኛው ስሕተት የመጣው ከዕውቀት ማነስ ሳይሆን ከመሣሪያ መሻሻል ነው። ራጅ አጥንትን ብቻ ያሳይ ነበር፤ ኤም.አር.አይ. ግን ዲስኩን፣ ሰረሰሩንና የነርቭ ሥሩን በአንድነት አሳየ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በ1990 ቦደንና ባልደረቦቹ ምንም የአንገት ሕመም የሌላቸውን 63 ሰዎች በኤም.አር.አይ. አንሥተው ሲመለከቱ ከመቶ 19ኙ ላይ ጉልህ ለውጥ አገኙ። ዕድሜያቸው ከ40 በላይ በሆኑት ዘንድ ቁጥሩ ወደ 28 ከመቶ ከፍ ብሏል፤ የደከመ ወይም የጠበበ ዲስክማ ከነዚሁ ወደ 60 ከመቶ በሚጠጉት ላይ ነበር። በ2015 በጃፓን በ1,211 ጤነኛ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ 87.6 ከመቶ በሚሆኑት ላይ የዲስክ ማበጥ አሳይቷል።

ትርጉሙ ግልጽ ነው። በአንድ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ምስል ላይ የተሸረሸረ ዲስክ ማየት በራሱ ላይ ሽበት እንደማየት ነው። ሽበቱ እውነት ነው፤ የራስ ምታቱ መንሥኤ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም። ምስሉ ዋጋ የሚኖረው ታካሚው ከሚናገረውና በእጃችን ከመረመርነው ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። የስድስተኛው የነርቭ ሥር ሕመም ወደ አውራ ጣት፣ የሰባተኛው ወደ መካከለኛው ጣት፣ የስምንተኛው ወደ ትንሿ ጣት ይወርዳል። ታካሚው የሚደነዝዘው አውራ ጣቱን ሆኖ ምስሉ የሚያሳየው በሌላው ጎን ያለ ዲስክ ከሆነ ምስሉ አልመለሰልንም ማለት ነው።

ነገሩ የኢኮኖሚም ጥያቄ ነው። ከጉና ግርጌ ተነሥቶ ኤም.አር.አይ. ፍለጋ እስከ ትልቅ ከተማ የሚጓዝ ቤተሰብ ለመጓጓዣ፣ ለማደሪያና ለምርመራ የሚያወጣው ገንዘብ የእርሻ በሬ ሊያሸጥ ይችላል። ምስሉ ሕክምናውን የማይለውጥ ከሆነ ያ በሬ ያለ ምክንያት ተሸጠ። ምስሉ ሕክምናውን የሚለውጥ ሆኖ ሳለ ካልታዘዘ ደግሞ ገበሬው ራሱ ከእርሻው ሊቀር ነው። የባለሙያው ጥበብ ሁለቱን መለየት ነው።

የሕመሙ ሕክምና፦ ከዋግምት እስከ ቀዶ ሕክምና

የአገራችን ሕዝብ ለአንገት ሕመም ሕክምና ሳይኖረው አልቆየም። በቅቤ ማሸት፣ በሞቀ ነገር መተኮስ፣ ዋግምት፣ ጠበልና የወጌሻ እጅ የታወቁ ናቸው። በ1965 ሜልዛክና ዎል ያወጡት የሕመም በር ንድፈ ሐሳብ በቆዳና በጡንቻ ላይ የሚደረግ ንክኪ በሰረሰር ደረጃ የሕመምን ስሜት ሊያግድ እንደሚችል አመልክቷል። ስለዚህ ሙቀትና ለስላሳ መታሸት ለጊዜው ማስታገሳቸው ምክንያት አለው፤ ልንነቅፈውም አይገባም። ቆዳን በእሳት መጥበስ፣ በአንድ ምላጭ ብዙ ሰው መብጣትና አንገትን በኃይል መጠምዘዝ ግን ጉዳታቸው ከጥቅማቸው ይበልጣል። በተለይም በቲቢ የተበላ አከርካሪ ወይም የተጨነቀ ሰረሰር ያለበት ሰው አንገቱ ከተጠመዘዘ በአንድ አፍታ ሽባ ሊሆን ይችላል።

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ በ1950ዎቹ ትልቅ ለውጥ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ወደ ዲስኩ የሚደረሰው ከማጅራት በኩል ነበር። ስሚዝና ሮቢንሰን በባልቲሞር፣ ራልፍ ክላዋርድ ደግሞ በሆኖሉሉ ከአንገት ፊት ለፊት ገብቶ ዲስኩን ማውጣትና አከርካሪዎቹን ማጋጠም እንደሚቻል አሳዩ፤ ጽሑፎቻቸው በ1958 ተነበቡ። ዘዴው ዛሬም መሠረቱን ሳይለቅ ይሠራበታል።

ነገር ግን ማን ይቀደድ የሚለው ጥያቄ ከእንዴት ይቀደድ ይልቅ ከባድ ሆኖ ቆየ። በሮቸስተር፣ ሚኒሶታ በነርቭ ሥር ሕመም የተያዙ ሰዎች ለዓመታት ተከታትለው ሲታዩ፣ በ1994 በወጣው ዘገባ መሠረት፣ ሩብ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸውም በመጨረሻ ከመቶ 90ዎቹ ወይ ምንም ሕመም የላቸውም ወይም ቀላል ሕመም ብቻ ነበራቸው። በ1997 ፐርሶንና ባልደረቦቹ በስዊድን 81 ሕሙማንን በዕጣ ለቀዶ ሕክምና፣ ለፊዚዮቴራፒና ለአንገት ድጋፍ መደቡ። ቀዶ ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙን ቶሎ ቢቀንስም በአንድ ዓመት ሦስቱ ወገኖች ተቀራረቡ። በ2009 ኩይፐርና ባልደረቦቹ በኔዘርላንድ በ205 ሕሙማን ላይ ባደረጉት ጥናት ደግሞ ሕመሙ አዲስ በሆነ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት የአንገት ድጋፍ ማሰር ወይም ፊዚዮቴራፒ ማድረግ ዝም ብሎ ከመጠበቅ የተሻለ እንደሆነ ታየ። ድጋፉ ግን ለሳምንታት እንጂ ለወራት አይደለም፤ ሲረዝም ጡንቻን ያደክማልና።

የሰረሰር መጨነቅ ማለትም ማይሎፓቲ የተለየ ታሪክ አለው። በ1963 ሊስና ተርነር ብዙዎቹ ሕሙማን ለረጅም ጊዜ ባሉበት እንደሚቆዩ በመግለጻቸው መጠበቅ ተገቢ መስሎ ነበር። ኋላ የተሰበሰቡ ማስረጃዎች ግን ያለ ቀዶ ሕክምና ከመቶ ከ20 እስከ 60 የሚሆኑት በዓመታት ውስጥ እየባሰባቸው እንደሚሄድ አሳይተዋል። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያም መካከለኛና ከባድ ማይሎፓቲ ላለባቸው ቀዶ ሕክምናን ይመክራል። የጠፋ ኃይል ዘግይቶ በሚደረግ ቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ስለዚህ ጊዜ ራሱ መድኃኒት ነው።

በአገራችንም አቅሙ ቀስ በቀስ ተገንብቷል። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1954 ከተከፈተ ወዲህ ለሰሜኑ ክፍል የጤና ባለሙያ ማፍራት ተጀመረ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲው ፊዚዮቴራፒስቶችን በዲግሪ አስተማረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በ2006 ሲጀምር በመላ አገሪቱ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ቁጥሩ ብዙ እጥፍ አድጓል፤ ሪፈር የማድረግ ትርጉምም በዚያው ልክ ተለውጧል። ከሃያ ዓመት በፊት የሰረሰር መጨነቅን በጊዜ ማወቅ ብዙ ጊዜ መፍትሔ የሌለውን ነገር ማወቅ ነበር። ዛሬ ግን የጤና ጣቢያ ባለሙያው በጊዜ ማወቁ የታካሚውን እግር ሊያተርፍ ይችላል።

በጤና ጣቢያና በወረዳ ሆስፒታል ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ተግባር ሕሙማንን በሦስት መክፈል ነው። እነርሱም አንገትን ብቻ የሚያማቸው፣ ሕመሙ ከነርቭ ሥር ተነሥቶ ወደ ክንድ የሚወርድባቸውና ሰረሰራቸው የተነካ ናቸው። ከዚህም በፊት የዲስክ ያልሆነውን ማውጣት ያስፈልጋል። በ1779 ፐርሲቫል ፖት የገለጸው የአከርካሪ በሽታ፣ ዛሬ ቲቢ መሆኑን የምናውቀው፣ በአካባቢያችን አሁንም አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ሌሊት የሚያስነሣ ሕመም፣ ኤች.አይ.ቪ.፣ የቀድሞ ካንሰር ወይም አደጋ ካለ «ዲስክ ነው» ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው። ከብት ጋር የሚኖርና ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ከሆነ ብሩሴሎሲስም ይታሰብ። መንሥኤው ሳይለይ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን መስጠት ቲቢን ይሸፍናል፤ ታካሚውም ለጥቂት ቀናት ተሽሎት ከርሞ የባሰ ሆኖ ይመለሳል።

ማይሎፓቲን ለመጠርጠር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የምንጠይቀው ከታካሚው ኑሮ የተቀዳ ይሁን። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ያቅትሃል? እንዝርት ማሾር፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ ሲኒ መያዝ ይከብድሻል? ጽሕፈትህ ተበላሽቷል? በጨለማ ወይም ቁልቁለት ስትወርድ እግርህ አይታዘዝህም? አንገትህን ስትደፋ ጀርባህን እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝርሃል? ሽንትህን መቆጣጠር አስቸግሮሃል? ብዙ ጊዜ ማይሎፓቲ ከባድ የአንገት ሕመም ሳይኖረው የሚመጣ በመሆኑ ታካሚው ስለ እጁና ስለ እግሩ እንጂ ስለ አንገቱ ላያነሣ ይችላል። ቀጥሎ አካሄዱን ማየት፣ የጉልበትና የክንድ ሪፍሌክስን መፈተሽ፣ የመካከለኛውን ጣት ጥፍር ጫን ብሎ በመልቀቅ አውራ ጣቱ ይታጠፍ እንደሆነ ማየትና የውስጥ እግርን መፋቅ ነው። እነዚህ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አይበልጡም። አዎንታዊ ምልክት የተገኘበት ታካሚ አንገቱ ሳይታሽና ሳይጎተት በአስቸኳይ ሪፈር ይደረግ።

የስፐርሊንግ ምርመራ፣ ማለትም አንገትን ወደ ሚያመው ጎን ወደ ኋላ አዘንብሎ ቀስ ብሎ ከላይ መጫን፣ የክንዱን ሕመም ካስነሣ የነርቭ ሥር መነካትን ይደግፋል። ቲቢ፣ አደጋ ወይም ማይሎፓቲ በተጠረጠረበት ሰው ላይ ግን አይሠራም።

አደገኛ ምልክት ለሌለበት ታካሚ የመጀመሪያው መድኃኒት ቃል ነው። አብዛኛው ሕመም በሳምንታትና በወራት ውስጥ እንደሚቀል፣ የወጣ የዲስክ አካልም በጊዜ ብዛት እየመነመነ ሊሄድ እንደሚችል በግልጽ ይነገረው። ቀጥሎ ሙቀት፣ እንቅስቃሴና ቀላል ልምምድ ይታዘዛል። አገጭን ወደ ኋላ መሳብ፣ ትከሻን ማዞርና አንገትን እስከሚችለው ድረስ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ማንቀሳቀስ በቤት ሊሠሩ ይችላሉ። አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ለአጭር ጊዜ ይረዳል፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም፣ የደም ግፊትና እርግዝና መኖራቸው አስቀድሞ ይጠየቅ። የዳይክሎፌናክ መርፌን በየሳምንቱ መውጋት ሕክምና ሳይሆን ልማድ ነው። ክንድ የሚያቃጥልና እንቅልፍ የሚነሣ የነርቭ ሕመም ካለ አሚትሪፕቲሊን በትንሽ መጠን፣ ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም፣ ሊሞከር ይችላል። ትራማዶል ካስፈለገ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሁን። በአንገት አከርካሪ ውስጥ ስቴሮይድ መውጋት በልዩ ባለሙያና በምስል ድጋፍ ብቻ የሚሠራ ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 ከዚህ መርፌ ጋር ተያይዞ እምብዛም ባይሆንም ሽባነትና ሞት ሊደርስ እንደሚችል አስጠንቅቋል።

የክንዱ ኃይል እየደከመ የሚሄድ ወይም ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ተገቢ ሕክምና አግኝቶ ሕመሙ ያልቀለለት ታካሚ ለኤም.አር.አይ. እና ለልዩ ሐኪም መላክ አለበት። በሬውን ሸጦም ቢሆን መሄድ የሚገባው እርሱ ነው።

ስለ ወጌሻዎችም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ሕዝቡ ከእኛ በፊት የሚያገኘው እነርሱን በመሆኑ ማውገዝ ብቻውን አያዋጣም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በማሳተፍ ሦስት ነገሮችን ማስገንዘብ ይቻላል፦ እጁ የደከመ፣ እግሩ የሚተሳሰርበት ወይም ትኩሳት ያለው ሰው አንገቱ እንዳይነካ፤ አንገት በኃይል እንዳይጠመዘዝ፤ እንዲህ ያለው ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲላክ። የሚታሸውን ሰው ማሸት ለእነርሱ ይቆይ፤ የማይታሸውን መለየት ግን የጋራ ሥራችን ይሁን።

ማጠቃለያ

የአንገት ዲስክ መሸርሸር ታሪክ ሐኪሞች ያዩትን ነገር ካወቁት ነገር ጋር ሲያምታቱ ምን እንደሚሆን ያሳያል። ስቱኪ ያየው እውነት ነበር፤ ስሙን ግን ሳተ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሸክሙን አዩ፤ ዘሩን ግን ዘነጉ። እኛ ደግሞ ዛሬ ምስሉን እያየን ሰውየውን እንዳንዘነጋ ያሰጋል። በደቡብ ጎንደር ደጋ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ከትላልቅ ሆስፒታሎች የሚያንስበት መሣሪያ ይኖራል፤ ሆኖም ለዚህ በሽታ ዋና የሆኑት ነገሮች በእጁ ናቸው። እነርሱም በትዕግሥት መጠየቅ፣ በመዶሻና በጣት መመርመር፣ ዲስክ የሆነውን ካልሆነው መለየት፣ የሚድነውን ሰው በፍርሃት ሥራ አለማስፈታትና ሰረሰሩ የተጨነቀውን ሰው አንድ ቀን ሳያሳድሩ መላክ ናቸው።